ኢንክስኬፕ ለታፔላ ሥራ፦ የማሳደጊያና የማዞሪያ መቆጣጠሪያዎቹ

ኢንክስኬፕ በለገጣፎና በቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር ታፔላና ስቲከር ለሚሠሩ ቤቶች የሚመች ነፃ የሥዕል ሶፍትዌር ነው። ቅርጹን አንዴ ሲጫኑት የማሳደጊያ ቀስቶች፣ ደግመው ሲጫኑት የማዞሪያና የማዝመሚያ ቀስቶች ይወጣሉ። ኮንትሮል ተይዞ ከጥግ ሲጎተት ሎጎው አይጣመምም፤ ሲዞር ደግሞ በ15 ዲግሪ እየዘለለ ነው። መሃል ላይ ያለችው መስቀል የመዞሪያው እምብርት ናት፤ ወደፈለጉት ቦታ ትጎተታለች።

ዋናው ጣጣ የመስመር ውፍረት ነው። የ10 ሳንቲ ሜትር ሎጎ ወደ 1 ሜትር ሲያድግ፣ ከላይ ያለው የውፍረት ቁልፍ ካልበራ 1 ሚሊ ሜትሩ መስመር እንዳለ ይቀራል፤ ከአስፋልት ማዶ ማን ያየዋል? ሲበራ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

በታክሲ መስታወት ውስጥ የሚለጠፍ ጽሑፍ ከውጭ እንዲነበብ በኪቦርዱ ኤች (H) ቁልፍ ይገለበጣል። ለትክክለኛ ልክ ግን በመዳፊት መጎተቱ አያስተማምንም፤ ከላይ ያለችውን የጓጉንቸር ምልክት ዘግቶ ስፋቱን በቁጥር መጻፍ ነው።