ቃለ ጉባኤ ማንበብ ወይስ ተመራጩን መከተል?

የደሴ ከተማ ምክር ቤት አባላትን አሠራር ለሚያጠና ሰው ቃለ ጉባኤ ርካሹ መንገድ ነው። ነገር ግን ድምፅ እጅ በማውጣት ተሰጥቶ ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ በቁጥር ብቻ ከተመዘገበ፣ ማን ከማን እንደተለየ አይታወቅም። ያኔ አባላቱ በጉባኤው ያነሷቸውን ጥያቄዎች በዓይነት መመደብ ይሻላል፦ ማን ጠየቀ፣ ስለ ውሃ ወይስ ስለ መሬት፣ ለቀበሌው ወይስ ለከተማው? ሁለት ሰዎች ለየብቻ መድበው ያስተያዩ፤ ልዩነቱ ከበዛ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የምድቦቹ ትርጉም ግልጽ አለመሆኑ ነው።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሪቻርድ ፌኖ እንዳደረገው ተመራጩን መራጮቹ ዘንድ መከተል ጊዜ ይፈጃል፤ እንደ ሆጤና ሰኞ ገበያ ባሉ የደሴ ሰፈሮች የሚነገረው ግን መዝገብ ላይ አይገኝም። ሰው ታዛቢ ሲያይ ንግግሩን ያሳምራልና የመጀመሪያው ቀን ማስታወሻ ብቻውን አይበቃም። ለመመረቂያ ጥናት በቃለ ጉባኤው ጀምሮ፣ አብዝተው ከሚጠይቁትም ዝም ከሚሉትም ጥቂቶችን መርጦ መከተል ይበጃል።