ቪትዝ ወይስ ሲገል? ጅማ ላይ ሆኖ መኪና ለሚገዛ

ሰሞኑን መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ ትሻላለች ወይስ አዲስ ቢዋይዲ ሲገል፣ ትንሿ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና? ምርጫው የጠበበው በምክንያት ነው። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ቤንዚን የሚፈልግ ሰው አገር ውስጥ ካሉት ነው የሚመርጠው። አዲስ ካለ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው የሚያገኘው።

እኔ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በዓመት ስንቴ አዲስ አበባ ትመላለሳላችሁ? ግቢያችሁስ የራሱ ቆጣሪ አለው? ጅማ ላይ ነገሩን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

ወጪውን እንይ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ እንበል። ደህና ቪትዝ ከ60 እስከ 70 ሊትር ትጠጣለች። ሲገል ለዚያው መንገድ 130 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይበቃታል። ሁለቱን በዛሬው ዋጋ አባዟቸው፤ ልዩነቱ ብዙ ነው። እርግጥ መብራት ፍጆታ ሲጨምር ታሪፉም ከፍ ይላል። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ቤት መኪና ሲጨመር ሂሳቡ ይሰማል። ቢሆንም ቤንዚን ላይ አይደርስም። የማደያውን ሰልፍም ቁጠሩት። ሱቅ ዘግቶ ግማሽ ቀን መሰለፍም ወጪ ነው።

ጥገና ላይ ሲገል የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ። ጎማ፣ የፍሬን ሸራና አሞርዛተር ግን እንደማንኛውም መኪና ያልቃሉ። ቪትዝን የትኛውም ጋራዥ ይፈታታል፤ መለዋወጫዋም በየሱቁ አለ። ችግሯ ዕድሜዋ ነው። እኔ የገዛኋት ኪሎ ሜትሯ ወደ ኋላ የተመለሰ ነበረች። ስድስት ወር ሳይሞላ ካምቢዮዋ ሄደ። ለእሱ ያወጣሁት ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ የራሳችሁን መካኒክ ሳትይዙ አትዋዋሉ። የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።

አሁን ወደ ቆጣሪው። የሲገል ትንሹ ባትሪ 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በተራ ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ ከባዶ ለመሙላት 14 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለከተማ መንገድ ይህ አያስጨንቅም፤ ማታ ሰክታችሁ መተኛት ነው። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ እንኳ፣ ከዩኒቨርሲቲው መርካቶ እየተመላለሳችሁ ባትሪው ውስጥ የቀረው ለቀናት ያስኬዳችኋል። ተከራይ ከሆናችሁ ግን ሌላ ነው። ቆጣሪ በጋራ የሚጠቀም አንድ መምህር ወዳጄ በየወሩ ከጎረቤቶቹ ጋር ይጨቃጨቃል። ሰላሙን ስለሚወድ መኪናዋን ሊሸጥ እያሰበ ነው። የድሮ ቤት ሽቦም ቀጭን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫን ይግላል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ከነመሬት ሽቦው ለብቻው መስመር አዘርጉ። ዝናብ በማይነካው ቦታ ይሁን፤ ጅማን ታውቋታላችሁ።

አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትንሿ ሲገል በወረቀት 305፣ ትልቋ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል። በእኛ ዳገት ያንን አትጠብቁ። ጊቤ በረሃ ስትወርዱ መኪናዋ ራሷ ኃይል ስለምትመልስ ባትሪው ትንሽ ይሞላል፤ ወደ ወልቂጤ ስትወጡ ግን ከተመለሰው በላይ ይበላል። መንገድ ላይ የት እንደምትሞሉ ሳታረጋግጡ አትነሱ። ቪትዝ እዚህ ላይ ታሸንፋለች። በየወሩ የምትመላለሱ ከሆነ እኔ ሲገልን አልመክርም።

አቅሙ ያለው አይዲ4ን፣ የቮልስዋገንን ትልቅ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ያስባል። ባለ ትልቁ ባትሪዋ በወረቀት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፤ አዲስ አበባ ያደርሳል። ግን ከባድ ናት፣ ከ2 ቶን ታልፋለች፤ ጎማዋም ውድ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ስለሆነ እሱም ከፍ ይላል። አገራችን የገቡት አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪኑ በምን ቋንቋ እንደሆነ እዩ።

የቡና ማሳችሁ ገጠር፣ ሰቃ ወይም ጌራ ከሆነ፣ ክረምት ላይ ሦስቱም ጭቃው ውስጥ ይቀራሉ። ለዚያ ሥራ ያገለገለ ፒክአፕ ፈልጉ።

ሲገል ላይ ከቆረጣችሁ ደግሞ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት እዚያው ሰክታችሁ ሲሞላ እዩ። የባትሪው ዋስትና ጅማ ላለ ሰው በማን በኩል እንደሚሠራም በጽሑፍ ተቀበሉ።