78 ካርታዎች፣ አንዲት ሠዓሊ

ሥራዬ ሥዕል ማስተማር ነው። የዌይትና የስሚዝን ታሮት፣ ማለትም ሰዎች ዕጣቸውን የሚጠይቁበትን 78 ሥዕላዊ ካርታ ያለውን ጥቅል፣ የገዛሁትም ዕጣዬን ልጠይቅበት ሳይሆን መስመሩን ልመረምርበት ነው። ለዚህ ዓላማ ዋጋውን ያወጣል።

ካርታው እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ታተመ። ሐሳቡ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ነው። ሁለቱም በ1888 ወደተመሠረተው ጎልደን ዶውን ወደሚባል ምሥጢራዊ ማኅበር የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ የማኅበሩን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ደግሞ ከካርታው ግማሹን አያነበውም። «አስማተኛው» በሚባለው ካርታ ላይ፣ በአስማተኛው ፊት ባለው ጠረጴዛ፣ በትር፣ ጽዋ፣ ሰይፍና ኮከብ የተሣለበት ክብ ሰሌዳ አሉ። ከፍ ወዳለው ማዕረግ የደረሱ አባላት የእሳት፣ የውሃ፣ የአየርና የምድር ምልክት የሆኑትን እነዚህን ዕቃዎች በገዛ እጃቸው ሠርተውና ቀለም ቀብተው ለሥርዓተ አስማታቸው ይባርኩ ነበር። «ካህኒቱ» የተቀመጠችው በሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሁለት ዓምዶች መካከል ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። አዲስ አባል በሚቀበሉበት አዳራሽም እንዲህ ያሉ ሁለት ዓምዶች ይቆሙ ነበር።

የቁጥሩ ቅደም ተከተል እንኳን የማኅበሩ ነው። በቆየው የማርሴይ ካርታ 8ኛው «ፍትሕ»፣ 11ኛው «ብርታት» ነው። እዚህ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ምክንያቱም አንበሳ የያዘችው «ብርታት» ለአሰድ (ለአንበሳ) ኮከብ፣ ሚዛን የያዘችው «ፍትሕ» ለሚዛን ኮከብ ተሰጥተዋል፤ በኮከቦቹ ተራ ደግሞ አሰድ ከሚዛን ይቀድማል።

እኔን የያዘኝ ግን የስሚዝ እጅ ነው። ከእርሷ በፊት «ሦስት ሰይፍ» የሚባለው ካርታ በአብዛኛው የሦስት ሰይፍ ሥዕል ብቻ ነበር። እርሷ ዝናብ በሚወርድበት ሰማይ ላይ በሦስት ሰይፍ የተወጋ ልብ ሣለች። የዚህን መነሻ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ በተሠራው የሶላ ቡስካ ካርታ ላይ ማየት ይቻላል፤ ቢሆንም ዝናቡና ጥቂቱ መስመር የእርሷ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ድካም የተከፈላት እጅግ ትንሽ ነበር፤ ካርታውም ለብዙ ዘመን የሚጠራው በአሳታሚውና በዌይት ስም ብቻ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እኔ ያገኘሁት እትም ቀለሙ ይጮኻል፤ አንጸባራቂው ሽፋን መብራት ሥር ሥዕሉን ይጋርዳል። አብሮት ያለው ትንሽ መጽሐፍ ካርታው ከግብፅ ካህናት እንደመጣ ይተርካል። ይህን ተረት በ1781 ያሰራጨው ኩር ደ ጄብለን የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ታሮት ግን መጀመሪያ የጣሊያን መኳንንት የጨዋታ ካርታ ነበር። መጽሐፉን ጣሉት። ካርታውን የምትገዙ ከሆነ የጥንቱን ኅትመት ደብዘዝ ያለ ቀለም የጠበቀ፣ ሽፋኑም የማያንጸባርቅ እትም ፈልጉ።