ኦማን ለሽርሽር ለምታስቡ፦ ስለ ቢዲያው ሾፌራችን

ኦማንን ለመጎብኘት ላሰባችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ፤ በዚያውም ላመስግነው። ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን እዚህ መለጠፍ ደስ ስለማይለኝ ትቼዋለሁ። የቢዲያ ልጅ ነው። ቢዲያ ከዋና ከተማዋ ከሙስካት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ዋሂባ የሚባለው የአሸዋ በረሃ ዳር ያለች ከተማ ናት። በራሱ ላንድክሩዘር እንግዳ ያዞራል።

እኛ ዓረብ አገር ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ሥራ ነው። እማዬን ይዤ ለሽርሽር እሄዳለሁ ስል ጎረቤቶቼ "ደግሞ እዚያ ምን ሊታይ?" ብለውኝ ነበር። ብዙ ነገር!

መጀመሪያ ያነጋገርኩት አስጎብኚ ድርጅት አንድ ዋጋ ነግሮኝ፣ ቆይቶ የነዳጅ ምናምን እያለ ሲጨምርብኝ ተውኩት። ይሄ ልጅ ግን አንዴ ተናገረ፣ በዚያው ጨረሰ። 1 የኦማን ሪያል ከ2 ዶላር ተኩል በላይ መሆኑን አትርሱ። "አምስት ሪያል ብቻ" ሲሏችሁ ቀላል ትመስላለች።

አሸዋው ጋ ስንደርስ ወርዶ ጎማዎቹን ያስተነፍስ ጀመር። እማዬ ደነገጠች፤ "ምን ነካው፣ ደህናውን ጎማ!" ጎማው ሲላላ መሬት የሚነካው ይሰፋል፤ ሳይሰምጥ ይሄዳል። ይህን ተርጉሜላት እንኳ አላመነችም። እሱም እየሳቀ ጎማውን ጫን አድርጋ እንድታየው ጋበዛት። 100 ሜትር የሚደርስ የአሸዋ ክምር ላይ ከመውጣቱ በፊትም ወገቧን ያማት እንደሆነ ጠየቀ። ትንሽ ያማታል ስለው ዳር ዳሩን በቀስታ ነዳ።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በማግስቱ ዋዲ በኒ ኻሊድ ልንሄድ ነበር። በገደል መሀል ዓመቱን ሙሉ የማይደርቁ አረንጓዴ ኩሬዎች ያሉበት ሸለቆ ነው። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ብሏል። እሱ ወደ ተራራው አየት አደረገና አንዲት ጥቁር ደመና በጣቱ አሳየን። "ዛሬ አይሆንም" አለ። ዝናቡ የሚዘንበው ተራራው ላይ ነው። ድንጋዩ ውሃ ስለማይመጥ ጠብታ ያልወረደበት ሸለቆ በደቂቃዎች ጎርፍ ይሞላዋል። መኪናና ሰው ይዞ ይሄዳል። ወስዶን ገንዘቡን ቢቀበል ማን ይጠይቀው ነበር? የዚያን ቀን ሒሳብ አልቀበልም ብሎ እናቱ ቤት ወሰደን።

ሄል የገባበት ቀጠን ያለ ቡና በተምር አቀረቡልን። ለካ ስኒውን ነቅነቅ አድርጎ "በቃኝ" ካላሉ መቅዳት አያቆሙም። እማዬ ደግሞ በረካን አልፋም ዝም ብላ ትጠጣለች። ሴትዮዋም ትቀዳለች። እሱ ነው ያስጣላት።

ዓርብ ጠዋት ኒዝዋ ከተማ ያለውን የፍየል ገበያ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ሻጮቹ ፍየሎቻቸውን እየጎተቱ ክብ ይዞራሉ፣ ገዢው ዙሪያውን ሆኖ ዋጋ ይጠራል። እማዬ ለፋሲካ የምትገዛ ይመስል እያንዳንዷን አማርጣ፣ "ይቺ አጥንቷ ነው ያለው" እያለች ስትተች ዋለች።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይሻላል፤ የእነሱ በጋ (የኛ ክረምት) ሙቀቱ አይቻልም። ሙስካት ያለውን የሱልጣን ቃቡስ ታላቁ መስጊድ ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ የሚያየው ጠዋት ብቻ ነው፤ ዓርብ አይገባም። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ዋትሳፕ ላይ የሚመልሰው ማታ ማታ ነው፤ ቀን ዝም ቢላችሁ አሸዋ ውስጥ ነው ማለት ነው።