«ስሩልን፣ እኛው እንገዛችኋለን» የሚለውን የዶቃ ቦርሳ ስራ ሳትመዝኑ እንዳትገቡበት

ጅማ ያላችሁ እህቶቼ፣ በተለይ ኪሮሽ የምትችሉ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ።

«የዶቃ ክላች ቦርሳ ስሩ፤ እቃውን እናቀርባለን፤ የሰራችሁትን እኛው እንገዛችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ክረምቱን ሙሉ በቴሌግራም ሲዞር ነበር። አሁን ደግሞ የጥር ሰርግ መጣ ተብሎ እንደገና ብቅ ብሏል። እኔ ሐምሌ ላይ ገብቼበት 4,800 ብሬ ቀለጠ። ማታ ማታ ዓይኔን ያፈሰስኩበት ስራም አብሮ ቀረ። የሰዎቹን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ጉዳዩን በማመልከቻ ይዘነዋል። እዚህ የምጽፈው ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ እና እቃውን እንዴት እንደምትፈትሹት ነው።

ኪሮሽ ለእኔ አዲስ አይደለም። እናቴ የሶፋ ዳንቴል፣ የቴሌቪዥን ዳንቴል እየሰራች ነው ያሳደገችን። መንጠቆውን የያዝኩት ገና ልጅ እያለሁ ነው። ስለዚህ የቦርሳው ፎቶ ሲደርሰኝ ስራው አላስፈራኝም። ደግሞ ያምራል። ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ ዶቃ፣ ወርቃማ አፍ (የሚከፈተውና የሚዘጋው ጠርዝ)፣ ሁለት ትንንሽ ኳስ ያለው መቆለፊያ። ሚዜዎች እጅ ላይ የምናየው ዓይነት።

ደወልኩ። ያነሳችው ሴት አፏ ማር ነው። «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ብቻ ስሪ፣ ገበያውን ለእኛ ተይው» አለችኝ። 1,500 ብር ለምዝገባ፣ 3,300 ብር ለእቃ። እቃው ለሁለት ቦርሳ ይበቃል። እያንዳንዱን በ2,500 ብር ይገዙኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምንረከበው አለች። እኔም 5,000 የምትለዋን ቁጥር ብቻ ይዤ በቴሌብር ላኩ። ሳሩን አይቼ ገደሉን አላየሁም።

ሒሳቡን የሰራሁት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። እናንተ ግን አሁኑኑ ስሩት። አንድ ቦርሳ ዶቃውን መሰካት፣ መስራት፣ ገበር መስፋት፣ አፉን ማያያዝ ሲደመር 40 ሰዓት ያህል ወስዶብኛል። ሁለት ቦርሳ 80 ሰዓት ነው። ቃላቸውን ቢጠብቁ እንኳ 5,000 ተቀብዬ 4,800ው ሲቀነስ 200 ብር ይተርፈኛል። ለ80 ሰዓት 200 ብር። በሰዓት 2 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር ምዝገባ የለም ቢባል እንኳ የሚተርፈው 1,700 ነው፣ በሰዓት 21 ብር አካባቢ። ይህ ምንም ማጭበርበር ሳይኖርበት፣ ሁሉም ነገር አምሮ ቢሄድ ነው። መጀመሪያውኑ ስራው የሚጠቅመው እቃ ሻጩን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ እቃው ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ተንኮል እዚያ ውስጥ ነው።

ዶቃ በኪሮሽ የሰራችሁ ታውቁታላችሁ። ዶቃው አስቀድሞ ክሩ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ ለእያንዳንዷ ዓይን (መንጠቆው ለሚሰራት ቋጠሮ) አንድ አንድ ፍሬ እየተገፋ ይገባል። የእኔ ቦርሳ ወርዱ 18፣ ቁመቱ 13 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንድ ዙር 120 ዓይን አለው። 43 ዙር ይሄዳል። ይህ ማለት ለአንድ ቦርሳ 5,160 ፍሬ ዶቃ ነው። ለሁለቱ ከ10,300 በላይ።

እነሱ የሰጡኝ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩን ነው፣ ጥቅሉ ላይ 8/0 ተብሎ የሚጻፈውን። በነገራችን ላይ የደቃቅ ዶቃ ቁጥር ሲያድግ ዶቃው ያንሳል። 11/0 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው፣ 6/0 ወደ 4። ሳያውቁ «ትልቁን ቁጥር ስጡኝ» ብለው የተሸወዱ አሉ። 8/0 የብርጭቆ ዶቃ በአንድ ግራም ወደ 40 ፍሬ ይሆናል። ስለዚህ ለሁለት ቦርሳ ወደ 260 ግራም ያስፈልጋል። የተሰጠኝ ሦስት ጥቅል ነው፤ እያንዳንዱ ላይ «100 ግራም» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። 300 ግራም ከሆነ ተርፎ ይመለሳል ብዬ ልቤን ጥዬ ተቀመጥኩ።

አልመዘንኩትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ቦርሳ አለቀ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። 16ኛው ዙር ላይ ስደርስ ክሩ ባዶ ሆነ፣ ጥቅሉም ባዶ። መጀመሪያ የራሴ ጥፋት መሰለኝ፣ የሆነ ቦታ ደፍቼዋለሁ ብዬ ምንጣፉን ገልብጬ ፈለግሁ። በኋላ ግን ለእህቴ ብለው የሰጡኝ ሌላ ያልተከፈቱ ሦስት ጥቅሎች ትዝ አሉኝ። እሷም ተመዝግባ ነበር። ጎረቤቴ ቅመም ትሸጣለች፣ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን አላት። ኮረሪማውን ገፋ አድርጋ «አምጪው እስቲ» አለችኝ። የመጀመሪያው 61 ግራም። ሁለተኛው 64። ሦስተኛው 58። ደግመን አስቀመጥነው፣ ያው ነው። ከፌስታሉ ጋር ነው ይሄ ሁሉ። ሦስቱ ተደምረው 183 ግራም። 300 ተብሎ 183! ጎረቤቴ ሚዛኑን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ በርበሬ ላይ እንዲህ ባደርግ ደንበኛ ይቀርልኛል?» አለችኝ።

183 ግራም 7,300 ፍሬ ገደማ ነው። አንድ ቦርሳ ይጨርሳል፣ ሁለተኛውን አጋማሽ ሳይደርስ ይተወዋል። «ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምንረከበው» ያሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለት ቦርሳ ከዚያ እቃ ውስጥ በጭራሽ አይወጣም። ስትደውሉላቸው መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ለጎደለው ዶቃ 900 ብር ላኪ።» ብትልኩም ቀለሙ አይገጥምም። ከሌላ የቀለም ቅልቅል የመጣ ዶቃ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆን ይለያል፣ ቦርሳው መሃሉ ላይ የተጣፈ ይመስላል።

ስለዚህ ማንም ይሁን ማን ዶቃ ሲሸጥላችሁ ከፊታችሁ አስመዝኑ። ሚዛን የለም ካለ ሚዛን ያለበት ቤት ይዛችሁት ሂዱ። 10 ግራም መዝኑና ቁጠሩት፣ ለአስር አካፍላችሁ የአንድ ግራሙን ፍሬ አውጡ። የምትሰሩትን ዓይን በዙር አባዙት፣ ከዚያ ለአንድ ግራሙ ፍሬ አካፍሉት፣ የሚያስፈልጋችሁ ግራም ይወጣል። ከመቶ አስር ያህል ጨምሩበት፣ ምክንያቱም ቀዳዳው የተደፈነ፣ የተሰበረ፣ ጠማማ ሁልጊዜ አይጠፋም። እኔ ብቻ ከ200 ፍሬ በላይ ጥያለሁ።

ቀለሙንም ፈትኑ። የእኔ ወይን ጠጅ ዶቃ ቅብ ነው። በላብ እጅ ስሰራ ጣቴ ሐምራዊ ይሆን ነበር፣ እኔ ደግሞ ክሩ ነው የለቀቀው ብዬ አለፍኩት። አስር ፍሬ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በነጭ ጨርቅ እሹት። ሌላ ሁለት ሦስት ፍሬ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጥረጉ። ጨርቁ ከቀላ ወይም ዶቃው ከነጣ ተዉት። ሙሽራ ነጭ ልብስ ላይ ይዛው ስትቆም ምን እንደሚሆን አስቡት። ብርጭቆ ነው ወይስ ላስቲክ የሚለውን ለማወቅ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፣ ብርጭቆ ይቀዘቅዛል።

ክሩ «ንጹህ ጥጥ» ነበር የተባለው። ጫፉን ቆርጣችሁ በወረንጦ ያዙና ሰሃን ላይ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል። የእኔው ቀለጠ፣ ከዚያ ጥቁር ጠጣር ጓል ሆነ። አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ለሹራብ ጥሩ ነው። ሺህ ፍሬ ዶቃ ሲጎተትበት ግን ይላላጣል፣ ይጸጉራል። ለዶቃ ስራ የሚሻለው ሜርሰራይዝድ የተባለው ጥጥ ነው። ስሙ የመጣው ጆን ሜርሰር ከሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1844 ጥጥን በኮስቲክ ሶዳ ሲያክም ጠንክሮ፣ ቀለምም የበለጠ ሲይዝ አየ። ዛሬ የምናየው አብረቅራቂው የዳንቴል ክር የዚያ ውጤት ነው። ስትገዙ ቀለበት ወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም መለያ ቁጥር በሁሉም ድቡልቡል ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ።

መንጠቆው 3 ሚሊ ሜትር ነበር። ለዚህ ቀጭን ክር 1.5 ገደማ ነው የሚያስፈልገው። ዓይኑ ሲላላ ዶቃው ወደ ውስጥ ይሾልካል። ለዚህ የእናቴን ብረት መንጠቆ ተጠቀምኩ። የስራ ወረቀታቸውም ጎዶሎ ነው። በሲንግል (በተራው የኪሮሽ ዓይን) ሲሰራ ዶቃው የሚወጣው ከጀርባ በኩል መሆኑን፣ ስለዚህ የቦርሳውን ውስጥ ወደ ራስ አዙሮ መስራት እንደሚያስፈልግ አንድ መስመር አልጻፉም። አንዲት እህት ሙሉ ቦርሳ ጨርሳ ዶቃው በሙሉ ገበር ስር ቀርቶባታል። ስታሳየኝ እንባዋ መጣ።

ወርቃማው አፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። «ነሐስ ነው፣ አይዝግም» ተብለን ነበር። የጅማን ክረምት እናውቀዋለን፣ ጫማ ሳጥን ውስጥ ሻጋታ ያወጣል። የመጀመሪያውን ቦርሳ ጨርሼ ሁለተኛውን እስክሰራ ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆየ። ሳወጣው ማጠፊያው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ፣ ክሬም ቀለም ያለውን የቦርሳውን ገበርም አበላሽቶታል። ማግኔት አስጠጋሁ፣ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ነሐስን ማግኔት አይስብም። ብረት ሆኖ በደንብ የተቀባ አፍ ነውር የለበትም፣ ብዙው እንደዚያ ነው። ግን በነሐስ ዋጋ አትግዙት። ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ትንሽ ማግኔት ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። በሙጫ ብቻ ከሚጣበቀው ይልቅ ጠርዙ ላይ የመስፊያ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ።

መስከረም አጋማሽ ላይ አንዱን ያለቀ፣ አንዱን ግማሽ ይዤ ሄድኩ። ሴትየዋ ቦርሳውን መስኮት አጠገብ ወስዳ አገላበጠችው። የዛገውን ማጠፊያ በጥፍሯ ነካች። «የኔ ማር፣ አፉ ዝጓል። ቀለሙም ወጥ አይደለም። ጥራቱን ስለማያሟላ አንረከብም» አለች። እነሱ የሰጡኝ አፍ! እነሱ የሰጡኝ ዶቃ! ይህን ስላት ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ተጨማሪ ስልጠና ብትወስጂ ጥሩ ነው፣ 1,200 ብር ነው» አለችኝ። ያቺ ማስታወቂያ ላይ ስልኳ ያለው፣ በስልክ የኔ ቆንጆ ያለችኝ ራሷ ናት።

ደረጃው ላይ ቦርሳቸውን በፌስታል የያዙ አራት ሴቶች አገኘሁ። አንዷ ከአጋሮ ነው የመጣችው፣ ትራንስፖርቱንም ጨምሩበት። ለአራቱም የተነገራቸው አንድ ነው፦ «ጥራቱን አያሟላም።» ከመካከላችን ቦርሳ ሸጦ ብር የተቀበለ አንድም ሰው የለም። እንዲህ ዓይነት ስራ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው፦ ከዚህ በፊት ሰርታ ብር የተቀበለችን ሴት አገናኙኝ በሉ። የስክሪን ፎቶ አይደለም፣ ሰው። ስታስረክብ አብራችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ውል ነው። በስንት ብር እንደሚገዙ፣ ጥራት የሚሉት ምን እንደሆነ፣ በእነሱ እቃ ጉድለት ቢመጣ ኪሳራው የማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚከፍሉ በወረቀት ይጻፍ፣ ይፈረምበት። «በመተማመን ነው የምንሰራው» ካሉ እነሱም ብሩን በመተማመን ኋላ ይቀበሉ። የንግድ ፈቃዳቸውን እዩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው እቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። እኛ ደረሰኝ ስንጠይቅ «ቴሌብሩ ራሱ ደረሰኝ ነው» ነበር መልሱ፣ እኛም አመንን። የቴሌብር መልእክት ብር መላካችሁን ያሳያል እንጂ ምን እንደገዛችሁ አያሳይም። እቃው ላይ ጉድለት ካያችሁ እንደ እኔ ሁለት ወር አትቆዩ፣ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አሳውቁ።

አምስታችን አንድ ላይ ሆነን ለንግድ ጽህፈት ቤት አመልክተናል። የጎደሉትን ጥቅሎች፣ የዛገውን አፍ፣ የቀለጠውን ክር አያይዘናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የከፈላችሁ ካላችሁ ያልተከፈተውን ጥቅል እንዳትከፍቱት፣ እንዳለ ይመዘናል። የቴሌብሩን መልእክት አስቀምጡ። የቴሌግራሙን ቻት እነሱ ሳይደመስሱት ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ጻፉልኝ፣ ስማችሁን በማመልከቻው ላይ እንጨምራለን።