ዋግምት ልታገም ሄጄ

ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። የሄድኩበት ፀጉር ቤትም፣ ልብስ ሰፊውም አሪፍ ናቸው፤ ብዙ የምለው የለኝም። ስለ ዋግምቱ ግን ልንገራችሁ።

በረራው ወገቤን ቀስፎ ያዘኝ። አክስቴ "ታገሚና ይለቅሻል" ብላ ሰፈሯ ያሉ አጋሚ ጋ ወሰደችኝ።

ሰውዬው ጨዋ ናቸው። ወረፋ የለም፤ ዋጋውም አይጎዳም። ምላጩን ከነማሸጊያው አሳይተውኝ ነው የከፈቱት። እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ። ችግሩ ደም መሳቢያው ቀንድ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ደም የገባበት ቀንድ በውሃ ለቅለቅ ተደርጎ መጣ። "ጋሼ፣ ይሄ አይቀቀልም?" ስላቸው፣ "ልጄ፣ ቀንድ ሲቀቀል ይበላሻል" አሉኝ። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እኮ ዕቃ ላይ ደርቆ 7 ቀን እንኳ መቆየት ይችላል። ሳይበጡኝ በደረቁ ብቻ እንዲስቡልኝ ለመንኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው፣ ግን እሺ አሉ።

ወገቤ በማግስቱ ቀለል አለኝ። ዋግምቱ ይሁን እንቅልፉ እንጃ።

መንገድ ላይ ለአክስቴ ስለ አልቅት አወራኋት። ሜሪላንድ ነርስ ነኝ። "እኛ ጋ አልቅት ሐኪም ያዛል" ስላት፣ "ያቺ በበቅሎ አፍንጫ የምትገባው?" ብላ አማተበች።

የተቆረጠ ጣት መልሶ ሲሰፋ ደም በአርተሪ ይገባል፤ መመለሻው ቬይን ግን ቶሎ አይሠራም። ደሙ ይታቆርና ጣቱ ይጠቁራል። አልቅቷ ያን ደም ትመጥጠዋለች። ምራቋ ውስጥ ያለው ሂሩዲን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ፣ ጠግባ ከወደቀች በኋላም ቁስሉ ለሰዓታት ይደማል። ጣቱ የራሱን መመለሻ እስኪያበጅ በዚህ ይቆያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ2004 ፈቅዷታል።

ጣጣ ግን አላት። ሆዷ ውስጥ ኤሮሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ስላለ በሽተኛው አንቲባዮቲክ ይጀምራል። ደሙ እየተለካ ነው የሚቆየው፤ ካነሰ ይሰጠዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ለአልቅትም ለምላጭም መቸኮል የለበትም። አባቴን እዚያ በር አላስረግጠውም።

"አንዷ አልቅት ለአንድ ሰው ብቻ ናት" አልኳት። "ከዚያ አልኮል ውስጥ ትገባና ትሞታለች። ቀንዱ ግን ሰፈሩን ይዞራል።"

አክስቴ ትንሽ ዝም ብላ አሰበችና፣ "ለገና ቅርጫ ስንገባ ቀንዱን አስቀርልሻለሁ" አለችኝ። "የራስሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።"