ወደ ጋላፓጎስ በመርከብ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

«አምስት ቀን በጋላፓጎስ፣ ሁሉን ያካተተ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ቀብድ ልትከፍሉ ከሆነ ጥቂት ታገሡ። ተንኮሉ የሚጀምረው ከቀን ቆጠራው ነው። ደሴቶቹ ከኢኳዶር የባሕር ዳርቻ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቁ፣ ተጓዡ መርከብ የሚሳፈረው ከኪቶ ወይም ከጓያኪል በአውሮፕላን ሄዶ ነው። የመጀመሪያው ቀን እኩሌታ በበረራ ያልቃል፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ቁርስ እንደተበላ ሻንጣ ይወርዳል። ሙሉ ቀን የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

«ሁሉን ያካተተ» የተባለውም የአውሮፕላን ቲኬቱን አላካተተም። የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ለአብዛኛው የውጭ አገር ጎልማሳ 200 ዶላር ሆኗል።

እኔም እንዲህ ባለ ማስታወቂያ ተስቤ ሄጄ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን የመርከቡ መንገድ ነው። በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የወጣው መብረር የማይችለው ኮርሞራንት የተባለው የባሕር ወፍ ነበር፤ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ቆሞ እነዚያን ቁራጭ ክንፎቹን ፀሐይ ያሞቃል። ይህ ወፍ በዓለም ላይ የሚገኘው በምዕራብ ባሉት በፈርናንዲና እና በኢሳቤላ ዳርቻዎች ብቻ ነው። መርከባችን ወደ ምዕራብ ጭራሽ አልዞረም። ይልቁንም ግማሽ ቀን ሙሉ በፖርቶ አዮራ ከተማ፣ በኤሊ ማራቢያው አጥር ሥር ቆመን ጀርባቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸውን ግልገሎች ስንመለከት ዋልን። ኤሊዎቹን ማየት ደስ ይላል፤ ነገር ግን አጠገባችን የነበሩት ጎብኚዎች ከሆቴላቸው በእግራቸው የመጡ ናቸው።

ምክንያቱን ስንጠይቅ «ፓርኩ መንገዱን ለወጠብን» ተባልን። የአየር ጠባይ ወይም ድንገተኛ ችግር መስመር ሊያስለውጥ ይችላል፤ ያን ሰሞን ግን ባሕሩ የተኛ ነበር። የየመርከቡ መስመር በፓርኩ ጸድቆ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። አንድ መርከብ ወደ ጎበኘው ሥፍራ በ14 ቀናት ውስጥ እንዳይመለስ ስለሚከለከል ዙሩ ረጅም ነው፤ አጭር ጉዞ ከዚያ ዙር ተቆርጦ የሚሸጥ ክፍል ነው። ሻጩ የትኛውን ክፍል እንደሸጠላችሁ አሳምሮ ያውቃል። (አስጎብኚያችንን አልወቅስም፤ የፓርኩ ፈቃድ ያለው፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። መስመሩን የመረጠው እሱ አይደለም።)

ስለዚህ የመርከቡን ስም፣ በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት የምትወርዱበትን ሥፍራ በጽሑፍ ጠይቁ። ኮርሞራንቱን የፈለገ ሰው ፈርናንዲና የሚለውን ስም ወረቀቱ ላይ ማየት አለበት። አልባትሮስ እናሳያለን ካሏችሁ ወሩን ጠይቁ፤ በኤስፓኞላ ደሴት የሚራቡት እነዚህ ወፎች በየካቲት ገደማ ባሕር ላይ ናቸው፤ ሥዕላቸው ግን ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። «ከዚሁ ተመሳሳይ በሆነ መርከብ ሊተካ ይችላል» የሚል ሐረግ ውሉ ውስጥ ካለ፣ ተተኪው ካልተስማማችሁ ገንዘቡ እንደሚመለስ አብሮ ይጻፍ። በግለሰብ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ አትላኩ።

እኔ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብዬ ስጽፍ የደረሰኝ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚያገለግል የቅናሽ ኩፖን ነው። የመርከቡ ስም እሱም ላይ የለም።